የባላገር ዜማ ኤሌክትሪክ ሲነካው

ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ የገበያ ቀን ጆሮም የሚጠግብበት ቀን ነው። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ በሮብ ገበያም ሆነ በሌሎቹ የገበያ መንደሮች፣ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ስኳሩን ገዝቶ፣ ከዘመድ ጋር ተጠያይቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ አዲስ ዘፈን ይዞ ይሄዳል። በካሴት ዘመን ይህ ዘፈን ከሁለት ቦታ ይመጣ ነበር። አንዱ ከጠላ ቤትና ከጠጅ ቤት፣ ከአዝማሪው ማሲንቆ ነው። ሌላው ከሱቅ ደጃፍ፣ በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራው ቴፕ ነው። ሁለቱን ድምፅ በአንድ ሜዳ ላይ እየሰማ ያደገ ትውልድ ማሲንቆና ማሽን ባላንጣ ናቸው ሲባል ሊገርመው ይገባል።

ዛሬ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ያሉ ወጣቶች የባላገር ዜማን ከኮምፒዩተር ድምፅ ጋር ሲያዋህዱ ብዙው ሰው ነገሩን የትናንት ፈጠራ አድርጎ ይወስደዋል። ከፊሉ ባህል ጠፋ ብሎ ያዝናል፤ ከፊሉ ደግሞ ገና አሁን ሠለጠንን ብሎ ይደሰታል። ታሪኩ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። የባላገራችን ዜማና የኤሌክትሪክ ድምፅ ከተገናኙ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የመጀመሪያው መገናኛቸውም አዲስ አበባ ሳይሆን ካይሮ ነበር ለማለት የሚያስደፍር ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1944 ሐሊም አል-ዳብ የተባለ የእርሻ ምህንድስና ተማሪ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ከአንድ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ ተዋሰ። ከዚያም ሴቶች ተሰብስበው ዛር ወደሚያስጨፍሩበት ቤት ሄዶ ከበሮውንና ዜማውን ቀረጸ። የቀረጸውን እንዳለ አልተወውም። ድምፁ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያጫወተ፣ ግድግዳውን እያዘዋወረ፣ የቃሉን ጉልበት እያደበዘዘ ደጋግሞ ገለበጠው። በመጨረሻ የቀረው ከሰዎቹ ጉሮሮ የወጣ ቢሆንም የሰው ድምፅ የማይመስል፣ ከሩቅ የሚንሳፈፍ ቅላጼ ነው። ሥራው በዚያው ዓመት በካይሮ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ለሕዝብ ተሰማ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የተቀረጹ ድምፆችን እየቆራረጠ ሙዚቃ መሥራቱን ለዓለም ያስተዋወቀው በ1948 ነው። ስለዚህ በድምፅ መቅረጫ ከተሠሩት የሙዚቃ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ከዛር ጨዋታ የተወለደ ነው።

ዛር ምን እንደሆነ ለጎጃምና ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያሻም። ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ጭብጨባው፣ ሰውነት እስኪዝል ድረስ ጉሪ ማለቱ በየመንደሩ የታወቀ ነበር። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የጻፈው ስለዚሁ ነበር። ብዙ አጥኚዎች የግብፅንና የሱዳንን ዛር ሥር ወደ ኢትዮጵያ ይወስዱታል። በካይሮ የተቀረጸው ዜማ ከየትኛው መንደር እንደተነሣ መናገር አይቻልም፤ ዝምድናው ግን አይካድም። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ የሠራው ነው።

አል-ዳብ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከልም ሠራ፤ በ1959 የሠራው «ለይላና ገጣሚው» ዛሬም በዘርፉ ተማሪዎች ዘንድ ይደመጣል። ከዚያ በ1962 አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ እያስተማረ እስከ 1964 ቆየ። በዘመኑ በዓለም ላይ የኤሌክትሮኒክ ድምፅን ጠንቅቀው ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ እዚህ፣ በእኛው አገር ነበር። ታዲያ ምን ሠራ? አንድም ሽቦ ሳይቀጥል ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውን፣ መለከቱንና ከበሮውን በአንድ መድረክ ላይ አስቀመጠ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። እነዚህ መሣሪያዎች በየቤታቸውና በየአገራቸው ለየብቻ ይጫወቱ ነበር እንጂ ተሰልፈው በአንድነት መጫወት ልማዳቸው አልነበረም። እኔ ይህን የማየው እንደ ብስለት ነው። ማሽን ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ባለ ዜማው ራሱ ሙሉ ድምፁን እንዲያሰማ ፈለገ።

ኦርኬስትራው ከእርሱ በኋላ አልሞተም። ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው፤ ጌታመሳይ አበበን የመሰሉ የማሲንቆ ሊቃውንት ተጫወቱበት፤ ማሲንቆ የተማረው አሜሪካዊው የሰላም ጓድ ቻርልስ ሰተንም አብሯቸው ቆየ። በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞረው፣ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሳይቀር ቀረቡ። በዚያ ዘመን ማሲንቆ በአሜሪካ ቤቶች ሳሎን መሰማቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ጎጃም እንመለስ፤ ማሽኑ ምን ዓይነት ዜማ ላይ እንደመጣ ሳናይ ብንቀጥል ነገሩ አይገባንም። ቢቸና የእነማይ አገር ናት። ዲማ ጊዮርጊስ ከዚያው አጠገብ ነው፤ ደብረ ወርቅም ሩቅ አይደለም፤ በሞጣ በኩል መርጡለ ማርያም አለች። ይህ አገር የቅኔ አገር ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ ፍለጋ በእነዚህ ደብሮች ከተዘዋወሩት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። የቅኔ ተማሪ ትናንት የዘረፈውን ዛሬ አይደግምም። ዛሬ የዛሬውን ያመጣል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ያለው አዝማሪም በሌላ መንገድ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ጠጅ ቤት የገባው ሰው «ተቀበል» ይለዋል፤ ስንኙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በማሲንቆው ላይ አዙሮ፣ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለሚገባው አድርጎ ይመልሳል። ሽልማቱ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ዜማው ስላማረ ብቻ አይደለም። ቃሉ ለዚያ ሰው፣ ለዚያች ሰዓት ስለተፈጠረ ነው። ማሲንቆው ራሱ አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ ብቻ ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ ሳጥን ነው፤ በቀላልነቱ ለቃሉ ቦታ ይለቅለታል።

ይህ ቃል ጉልበት እንደነበረው ጠላትም ያውቅ ነበር። በየካቲት 1937 አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ገዥው ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና አዝማሪዎችን አድኖ ማጥፋትን ትእዛዝ አድርጎ አወጣ። ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከሰርግ ወደ ሰርግ የሚያሻግረው አዝማሪው ነበርና። በቢቸና በኩል ግን ይህ አፍ አልተዘጋም። የአርበኛው የልጅ በላይ ዘለቀ ስም ከአባይ በረሃ እስከ ደጋው ድረስ በፉከራና በቀረርቶ የሄደው ያለ ጋዜጣና ያለ ራዲዮ ነው። ዛሬ ስለ ማሰራጫ ስናወራ የመጀመሪያዎቹ ማሰራጫዎቻችን ማሲንቆ የያዙ ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የአዝማሪ ድምፅ ማሽን ላይ የወጣው ግን ከዚያም በፊት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን አገር ሆነው ማሲንቆ እየመቱ ሸክላ አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የቤተ መንግሥቱ፣ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤቱ ባንዶች የነፋስ መሣሪያ ይዘው ተነሡ፤ ከ1969 ጀምሮ አምሃ እሸቴ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ያዘ። የከተማ ታሪክ ይመስላል፤ ግን ባላገሩ በውስጡ ነበረ። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ስሙ። ጌታቸው የወሰደው ሽለላንና ፉከራን ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ የሚወጣውን የጀግና ድምፅ። በ1972 በሸክላ ያወጣው ሥራ ዛሬም ሲሰማ ደረት ያሞቃል። በ2006 ደግሞ ከኔዘርላንዱ የፓንክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አወጣ። እነዚያ የአምስተርዳም ሙዚቀኞች ለአንድም ትልቅ ኩባንያ ሳይገዙ፣ ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን እያስጮሁ፣ የአገራችንን ሽለላ ከኋላ ሆነው ይቀበሉ ነበር። እርሱ ያወጣል፤ እነርሱ ይቀበላሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። የባላገር ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። በሰርግም፣ በደቦም፣ በአጨዳም አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ያንኑ እየደጋገመ ይቀበላል፤ ከበሮና ጭብጨባ ሳይለዋወጥ ይቀጥላል። መድገም ለባላገር ዘፈን ባዕድ አይደለም፤ ቦታው ግን የተቀባዩ ቦታ ነው። ማሽን ደግሞ ከሁሉ ነገር በላይ ማድረግ የሚችለው መድገም ነው፤ ሳይደክም፣ ሳይሰለች። ስለዚህ ማሽኑ ተቀባይ ሲሆን ሙዚቃው ነፍስ ይኖረዋል። ማሽኑ አውጪ ሲሆን፣ ሰውየው ደግሞ የማሽኑ ተከታይ ሲሆን፣ የዘፈኑ ነገር ያልቃል። ባለፉት ሥራዎች ሁሉ የተሳካውን ካልተሳካው የምለየው በዚህ ነው።

በ1974 አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊውም ለዓመታት የከተማውን ሌሊት ዘጋው። ሙዚቀኞች ተሰደዱ። የሚገርመው፣ የባላገሩን ዜማ ከሲንተሳይዘር ጋር በግልጽ ያዛመዱት እነዚህ ስደተኞች መሆናቸው ነው። በ1984 ዋሽንግተን ውስጥ አድማስ ባንድ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ አወጣ። ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሽዮታ በባንዱ ነበሩበት። አሳታሚ አልጠበቁም። በራሳቸው ገንዘብ አንድ ሺህ ያህል ሸክላ አሳትመው በራሳቸው እጅ በተኑ። ነፃ ባንድ የሚባለው ይኸው ነው። በዚያ ሸክላ ላይ የቆየ የአገር ቤት ዜማ ከኦርጋንና ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር ይገናኛል፤ የምዕራብ አፍሪካ ሃይላይፍና የብራዚል ሳምባም ጎረቤት ሆነው ይገባሉ። ሥራው በብዙዎች ዘንድ ተረስቶ ቆይቶ በ2020 እንደገና ታተመ። አበጋዝና ሔኖክ በኋላ አገር ቤት ተመልሰው በአማርኛ ሙዚቃ ቅንብርና በጃዝ ትምህርት ላይ የተዉትን አሻራ የሙዚቃ ተከታታይ ሁሉ ያውቀዋል።

በቀጣዩ ዓመት በ1985 በዚያችው ዋሽንግተን ኃይሉ መርጊያ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ በወታደር ሙዚቃ ክፍል ያደገ፣ አኮርዲዮንን በራሱ የተማረ፣ በዋልያስ ባንድ የአዲስ አበባ ሒልተንን ሌሊት ያደመቀ ሰው ነው። ዋልያስ በ1981 አሜሪካን ሲዞር እርሱና አንዳንድ ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። ካሴቱን የሠራው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ባወቀው ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ነው። (አል-ዳብም ከአዲስ አበባ ከወጣ በኋላ ከ1966 እስከ 1969 ያስተማረው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበር።) ባንድ የለም። አኮርዲዮኑ፣ ሮድስ ፒያኖው፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩ፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የከበሮ ማሽኑ ብቻ ናቸው። ዲኤክስ 7 ገበያ ላይ የዋለው በ1983 ነበርና ኃይሉ የያዘው የዘመኑን አዲስ መሣሪያ ነው።

በዚህ አዲስ መሣሪያ የተጫወተው ግን ምን ነበር? «ሽሞንሟናዬ» ብሎ በሰየመው በዚህ ካሴት ላይ «አምባሰል» አለ፤ «ሽለላ»ም አለ። የልጅነቱን አኮርዲዮን ፊት አስቀምጦ የከበሮ ማሽኑን ከኋላ አሰለፈው። ማሽኑ ያለ ማቋረጥ ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ግን እንደ አዝማሪ ጉሮሮ ይተነፍሳል፣ ይዘገያል፣ ይጠመዘዛል። ዜማው ማሽኑን ጠብቆ አይሄድም፤ ማሽኑ ዜማውን ይጠብቃል። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ከዚያ እንደ ብዙው ካሴት ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። ኃይሉም በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ተሳፋሪ እስኪመጣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ሙዚቃ ሳይተው የኖረ ሰው ስለነበር ዕድል ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ቆየ።

ዕድሉ የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ከጎጃሟ የአባይ ዳር ከተማ ያንን ካሴት አገኘ፤ በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለ ማሳተሚያው አወጣው። ኃይሉ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እንደገና ወደ መድረክ ወጣ፤ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን ሠራ። በዋሽንግተን የተቀረጸ ሥራ ትንሣኤውን ያገኘው በጎጃም የካሴት ሱቅ ነው። ከባሕር ዳር በሞጣና በቢቸና አድርጎ እስከ ደጀን በሚወርደው መንገድ ላይ ያሉ ሱቆች ስንት እንዲህ ያለ ካሴት እንዳሳለፉ ማሰብ ያስቆጫል። ሲዲና ሚሞሪ ሲመጣ እነዚያ ካሴቶች በአቧራና በሙቀት ተበላሹ፤ አንዳንዱም ሌላ ዘፈን ተገለበጠበት። አንድ አዝማሪ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀረጸው ድምፅ እንዲህ ከጠፋ ተመልሶ አይመጣም።

የጎጃም ዜማ ራሱ በግልጽ ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር የቆመው ግን በአንዲት የቻግኒ ልጅ ጉሮሮ ነው። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሕዝቡ ጂጂ የሚላት፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማን ከካህን፣ የአገር ዘፈንን ከአካባቢዋ ቀስማ ያደገች ናት። በናይሮቢ አድርጋ አሜሪካ ገባች። በ2001 «ጂጂ» በሚል የወጣው አልበሟ ላይ አዘጋጁ ቢል ላዝዌል ነው፤ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተዋል፤ ካርሽ ካሌ የሕንድ ከበሮውን ይዞ ቀርቧል። በእንዲህ ያሉ ስሞች መካከል የገባ ማንኛውም ዘፋኝ ሊዋጥ ይችል ነበር። እርሷ አልተዋጠችም። «ባለ ዋሽንቱ»ንም «አባይ»ንም ስትዘፍን አውጪዋ እርሷ ናት። ላዝዌል የቤዙንና የኤሌክትሮኒኩን ድምፅ ከሥር አነጠፈላት፤ የድምፅዋ መታጠፊያና መወዛወዣ ግን እንደ ጎጃሙ ደጋ ክፍት ሆኖ ቀረ።

በ2003 ላዝዌል ያንኑ አልበም አፍርሶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል እንደገና ሠራው። እዚህ የጂጂ ድምፅ ተቆራርጦ ከጭስ መሃል እንደሚሰማ ጥሪ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከፊቱ ያለው የማሽኑ ጥልቅ ማስተጋባት ነው። ብዙ የውጭ አድማጭ ይወደዋል፤ እኔም ሌሊት ስሰማው ውበቱ ይገባኛል። ቢሆንም ቃሉ ሲጠፋ ዘፈኑ ወርቁን አጣ እላለሁ። አስገራሚው ነገር በ2006 የቀጠለው አልበም ስሙ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ»፣ ማለትም ሰምና ወርቅ መሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ ኤሌክትሮኒኩ ከበረታም በኋላ የእርሷ ቃል ወደ ፊት ተመልሷል። የሕንዱ ሊቅ ሱልጣን ካን ሳራንጊ የተባለውን በደጋን የሚጎተት መሣሪያ ሲጫወት ለማሲንቆ የለመደ ጆሮ ዘመድ ያገኘ ያህል ይደሰታል።

በውጭው ዓለም የገጠር ዘፈንና ማሽን እንዲህ ሲገናኙ ቁጣ አለመቅረቱ የተለመደ ነው። ስዊድናዊው ዲጄ አቪቺ በመጋቢት 2013 በማያሚው የአልትራ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ባንጆና የአሜሪካ የገጠር ዘፈን ይዞ ሲወጣ ለዳንስ የመጣው ሕዝብ ግራ ገባው፤ ቅሬታውም በረታ። ወራት ሳይቆይ ግን ከዚያው ሥራ የወጣው «ዌክ ሚ አፕ» በብዙ አገር ገበያውን መራ። የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ራሱ ኤሌክትሪክ ጊታርን ከተቀበለ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፎት ነበርና ቁጣው ከታሪክ ጋር አይጣጣምም ነበር።

የእኛዎቹ አዲሶች ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ሲሠራ ሙዚቃውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ጠራው። ሚካኤል ሰይፉ በኒው ጀርሲ ሙዚቃ ተምሮ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ። የመጀመሪያው የወጣው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዳዊት ኤክሉንድ ከጓደኞቹ ጋር ዋሽንግተን ላይ ባቋቋመው «1432 አር» በተባለ ትንሽ ማሳተሚያ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የአዝማሪ ጉሮሮ፣ ማሲንቆና ክራር ከጥቅጥቅ ያለ የኮምፒዩተር ድምፅ ጋር ይጋጫሉ፣ ይታረቃሉ። ልጆቹ ዜማውን እንደ ጌጥ አይለጥፉትም፤ ቅኝቱን መነሻ አድርገው ከላዩ ይገነባሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በመላው ዓለም እንዲህ ባለ ሙዚቃ ውስጥ ከገጠር ተቀርጾ የሚገባው ድምፅ ብዙ ጊዜ ስም የለውም። «የኢትዮጵያ አዝማሪ» ተብሎ ይታለፋል። የአንድ ሰው ድምፅ ከተወሰደ ስሙ ሊጻፍ፣ ድርሻው ሊከፈለው ይገባል። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ የሚጠራ ባህል ያለው አገር ሰው በሸክላ ላይ ስም አልባ መሆን የለበትም። በቢቸናና በሞጣ ያሉ አዝማሪዎችም ስማቸው የተጻፈበት፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቅኝት፣ በማን ሰርግ እንደተቀረጹ የሚታወቅበት መዝገብ ይገባቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን አጠገባቸው ናቸው፤ ሥራውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ሰርጉን ካነሣን፣ ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ሰርግ ላይ ማሲንቆው ብቻውን አይደለም። ሞንታርቦ ይቆማል፤ ማይክሮፎን ይዘረጋል፤ ኪቦርድ ተጫዋች ይቀመጣል። የአዝማሪውና የማሽኑ መገናኛ በዋሽንግተን ስቱዲዮ ሳይሆን እዚህ፣ ዳስ ውስጥ ነው በየሳምንቱ የሚፈጸመው። ችግሩም የሚታየው እዚሁ ነው። ኪቦርዱ ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ምት አብዛኛው ባለ አራት ነው፤ የእኛ ጭፈራ ደግሞ የሚሄደው በስድስት በሚቆጠር፣ ጭክጭካ በምንለው ምት ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ሲተወው ትከሻ ይሳሳታል፤ አዛውንቱም ይቀመጣሉ። ቅኝቱም እንዲሁ ነው፤ ማሲንቆ መቺ ጣቱን በገመዱ ላይ እያንሸራተተ አንቺ ሆዬን ሲያወጣ የሚነካቸው ድምፆች በኪቦርዱ ነጭና ጥቁር ቁልፎች መካከል ይወድቃሉ። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን ያጎብጠዋል፤ የሚጎብጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሲንቆው ነው፤ ሞንታርቦው ከኪቦርዱ ጋር ነውና።

ይህ የማይፈታ ችግር አይደለም። ለአረብ ሙዚቃ ገበያ ተብለው የተሠሩ የያማሃና የኮርግ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ በትንሽ በትንሹ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው፤ የራስን ምት ሠርቶ ማስቀመጥም ይቻልባቸዋል። የቢቸና ወይም የሞጣ ኪቦርድ ተጫዋች ከሰርጉ በፊት አንድ ከሰዓት ከአዝማሪው ጋር ተቀምጦ፣ ማሲንቆው እየመራ፣ አምባሰሉንና አንቺ ሆዬውን ቁልፍ በቁልፍ ሊያስተካክል፣ የአገሩን ጭክጭካ በእጁ መትቶ ሊያስቀምጥ ይችላል። ያን ጊዜ «ተቀበል» ሲባል አዝማሪው ስንኙን ያወጣል፤ ኪቦርዱም በአገሩ ቅኝት ይቀበለዋል።